ጠብታ ያልቀመሰችው «ሰካራም»

የተናደድኩት ለቅሶው ላይ ነው። እትዬ አስናቀች ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ውስጥ በሳንባ ምች አርፋ፣ ፋይሰል በሚባለው የካይሮ ሰፈር አንዲት እህታችን ቤት ተሰብስበን ነበር። ወንበር ስላልበቃ ግማሾቻችን ምንጣፉ ላይ ተቀምጠናል። አንዷ ስለ ደግነቷ ታነሳለች፣ ሌላዋ ትቀበላታለች። ወይዘሮ ብርሃኔ ተራዋን ጠብቃ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ «አይ አስናቁ! ያ መጠጥ ባይጎዳት ኖሮ እኮ ገና ብዙ ዕድሜ ነበራት። እንግዲህ ነፍሷን ይማር» አለች። ሟቿን በመልክ እንኳ የማያውቁት፣ በቅርቡ ካይሮ የገቡት ልጆች ከንፈራቸውን መጠጡ።

ተነስቼ ወጣሁ። ለቅሶ ቤት ጠብ አይነሳም እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ግን አሁን ይህን ስጽፍም ንዴቱ አልበረደልኝም። ከእትዬ አስናቀች ጋር እዚሁ ካይሮ፣ አርድ ኤል ሊዋ ሰፈር፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አልጋችን ተገጣጥሞ፣ ለዓመታት ኖረናል። አንዲት ጠብታ መጠጥ በአፏ አልዞረም። ወይዘሮ ብርሃኔን እስከዚያ ቀን ድረስ አንቱ እላት ነበር። እዚህ ላይ ግን አንቱታዬን አንስቻለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው።

እትዬ አስናቀች የደሴ ልጅ ናት። ቁመቷ አጭር፣ ክንዷ ጠንካራ፣ ቁጣዋ ከሷ ቀድሞ ደረጃ የሚወጣ ሴት ነበረች። ከሁላችንም በዕድሜ ትበልጣለች፤ አንቱ ስንላት ግን «ምነው፣ ባልቴት መሰልኳችሁ?» ብላ ስለምትቆጣ አንቺ አልናት። ዶቂ ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ በጽዳት ትሠራ ነበር። እኛ እንደ አገሬው «አምቡባ» የምንለውን የጋዝ ሲሊንደር በትከሻዋ ተሸክማ አራተኛ ፎቅ ስትወጣ፣ የሰፈሩ ወንዶች ቆመው ያዩዋት ነበር። ከሚያዩት አንዱ «ልርዳሽ?» ያላት እንደሆነ፣ «ለእናትህ ተሸከምላት» ትለዋለች።

መጠጥ የማትቀምስበትን ምክንያት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረችኝ። አባቷን ጠጅ ቤት ደጃፍ ወድቆ ሞቶ ነው ያገኙት። ልጅ ሆና የጠራት ሁሉ «የሰካራሙ ልጅ» ይላት ነበር። «ሌባ በሉኝ፣ እብድ በሉኝ፣ እችለዋለሁ። ያን ስም ግን ከደሴ ጥዬው ነው የመጣሁት» አለችኝ። የማርያም ማኅበራችን ላይ እንኳ ጽዋው ሲዞር ጠላውን በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ግንባሯን ታማትብበታለች እንጂ ከንፈሯ አያገኘውም።

ነገሩ የጀመረው የግብፅ አብዮት የፈነዳ ሰሞን ነው። ድልድዮቹ ላይ ታንክ ቆሟል፣ ክሊኒኮች ዘግተዋል፣ የየመንደሩ ጎረምሶች ዱላና የወጥ ቤት ቢላ ይዘው የመንገዱን አፍ ይጠብቃሉ። እትዬ አስናቀችን በዚያው ሳምንት ኩላሊቷን አመማት፤ ትኩሳቱ አንሶላውን ያረጥበው ነበር። ክፍት የተገኘው ከሕንፃችን ሥር ያለው መድኃኒት ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም በሩ እስከ ግማሽ ተዘግቶ። ባለመድኃኒት ቤቱ፣ ሁሉም «ዶክቶር» የሚለው ሰውዬ፣ መርፌ ወጋት። በቀጣዩ ቀንም ወጋት። ትኩሳቱ ወረደ፣ ሕመሙ ለቀቃት፣ እሱ ግን መውጋቱን አልተወም። «ሥሩ ይነቀል» አላት። ሥሩ መነቀል አለመነቀሉን አልመረመረ፣ መርፌው ሌላ ምን እንደሚነቅል አልነገራት። አገሩ ተረጋግቶ ሱቆች እስኪከፈቱ ድረስ እየጎነበሰች በዚያ በግማሽ በር ትገባ ነበር።

ከዚያ ጆሮዋ መጮህ ጀመረ። አንድ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ፣ ሳሙናው እንዳይገባባት ዓይኗን ጨፍና፣ እንዳለች ወደቀች። ግንባሯ ተፈነከተ።

መቼም እኛ ሰዎች ሐኪም አያሻንም። አንዷ ጨጓራ ነው አለች። አንዷ ደም ማነስ ነው ብላ ቀይ ሥር ቀቀለች። አንዷ ዓይነ ጥላ ነው ብላ ጸበል ረጨች። «ዶክቶሩ» ደግሞ የማዞር ክኒን ነው ብሎ ሰጣት፤ ክኒኑ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛታል። ሁሉም ግን በአንድ ነገር ተስማማ፦ የታመመ ሰው መተኛት አለበት። አስተኛናት። ለመነሳት ስትሞክር አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ ክንዷን እንይዛለን። መጸዳጃ ቤት እንኳ ተደግፋ ነው የምትሄደው። በአገራችን በሽተኛን ብቻውን ማስኬድ ነውር ነዋ! እሷ ግን ትጮህ ነበር፦ «ልቀቁኝ! ክንዴን ስትይዙኝ እኮ በናንተ እግር ነው የምሄደው! ግድግዳውን ልያዝ፤ ግድግዳ አይጎትተኝም!»

«ይሽከረከርብሻል?» ስላት፣ «አይሽከረከርም» አለችኝ። «ስቆም ደህና ነኝ። ስራመድ ዓለም ይዘላል። ሰውም ይዘላል፣ የሱቁ ጽሑፍም ይዘላል።» መንገድ ላይ የሰላምታዋ ነገር የተበላሸው በዚህ ነው። እየተራመደች የሰው ፊት መለየት አትችልም፤ ቆም ካላለች ሰውን ከመብራት ምሰሶ አትለይም። ወይዘሮ ብርሃኔ ፋይሰል ገበያ ላይ ስታገኛት፣ እትዬ አስናቀች ሳታያት አልፋት ሄደች። ቂሙ ከዚያ ቀን የጀመረ ይመስለኛል።

ቤተ ክርስቲያን የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። ቅዳሴ ላይ ስገዱ ሲባል፣ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፍና ጎንበስ አለች። በዚያው ተደፋች፤ ፊት ለፊቷ የነበሩትን ሁለት ሴቶች ይዛ ወደቀች። እኔ ሳነሳት ከኋላዬ ሹክሹክታ ሰማሁ። ዘወር ስል ወይዘሮ ብርሃኔ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ቅዳሴ እንኳ ጠጥታ ትገባለች?» ትላለች። በሁለተኛው ሳምንት ወሬው አርድ ኤል ሊዋን አዳርሶ ፋይሰል ገብቷል። አንዲት የማላውቃት ልጅ ማይክሮባስ ውስጥ ታሪኩን ለእኔው ነገረችኝ፤ ጠርሙሱንም በዓይኗ እንዳየች አድርጋ!

ከዚያ ሥራዋን አጣች። ያን ጊዜ ካይሮ ውስጥ መብራት ደጋግሞ የሚጠፋበት ዘመን ነበር። ዶቂ፣ አሠሪዋ መዳም ቤት፣ መስኮት በሌለው ኮሪደር ሻይ በትሪ ይዛ ስታልፍ መብራት ጠፋ። ጨለማ ሲሆን ወለሉ የት እንዳለ አታውቅም፤ ትሪው ወደ እንግዶቹ፣ እሷ ወደ ግድግዳው። መዳሟ «ኸላስ ያ አስናቅ» አለቻት፤ በቃ። ማን ምን እንደነገራት አላውቅም። ከእኛ ሰዎች አንዷ እዚያው ሕንፃ ውስጥ እንደምትሠራ ግን አውቃለሁ።

በመጨረሻ አንድ የበጎ አድራጎት ክሊኒክ ውስጥ የጆሮ ሐኪም እንዳለ ሰምተን ሄድን። አረብኛው ከሷ ይልቅ ለእኔ ስለሚቀለኝ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። ጭንቅላቷን በሁለት እጁ ያዘና «አፍንጫዬን እዪ፣ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ» ብሎ ድንገት ወደ ጎን አዞረው። ዓይኗ አፍንጫው ላይ መቆየት ሲገባው ከጭንቅላቷ ጋር አብሮ ሄደ፤ ከዚያ እየዘለለ ተመለሰ። በሌላውም በኩል እንዲሁ። ወፍራም ስፖንጅ ላይ አቁሞ ዓይኗን ሲያስጨፍናት ነርሷ ባትቀበላት ኖሮ ወለሉ ላይ ነበረች። ስለ መርፌው ጠየቃት፤ ለስንት ጊዜ እንደተወጋች ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«ጆሮ ውስጥ ከመስሚያው አጠገብ ሚዛን የሚጠብቅ ነገር አለ» አለ። «ጭንቅላታችን ሲነቃነቅ ዓይናችንን ቀጥ የሚያደርገው፣ በጨለማ የሚያቆመን እሱ ነው። ያ መርፌ ሲበዛ ያቃጥለዋል። የሷን በሁለቱም ጆሮ አቃጥሎታል።»

«ይመለሳል ወይ በይው» አለችኝ።

«ማሌሽ ያ ሲቲ» አላት እሱ፤ «ይቅርታ፣ ምን ይደረግ» እንደማለት ነው። «አይመለስም።»

«ማሌሽ አይበለኝ! ምን ላድርግ ነው ያልኩት!»

ተርጉሜ ስነግረው ልጁ አልተቀየመም። እንዲያውም ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀረባት። «ሚዛን የሚቆመው በሦስት ነገር ነው» አለ። «አንዱ ጠፋ። ዓይንሽና እግርሽ ግን አሉ፤ የጠፋውን ሥራ እነሱ ሊማሩት ይችላሉ። ሁሉንም አይደለም፤ ብዙውን። ግን ተኝተሽ አይማሩም፣ ሰው ደግፎሽም አይማሩም። ይህን ክኒን ጣዪው፤ ዓለም ለሚሽከረከርበት ሰው ለጥቂት ቀን የሚሰጥ ነው፤ አንቺን የሚያደነዝዝሽ ብቻ ነው።» ከዚያ ጭንቅላቷን እያወዛወዘች አንድ ነጥብ ላይ ማየትን፣ ተረከዝን ከጣት እያገናኙ መራመድን አሳያት። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆማ፣ «እንግዲህ ሰማሽ አይደል? አትደግፉኝ ስላችሁ!» ብላ ጮኸችብኝ። እያለቀሰች ነበር።

ቤት አልገባንም። ቀጥታ መድኃኒት ቤቱ ወሰደችኝ። ሰውዬው ሻይ እየጠጣ ነበር። ሐኪሙ ያለውን አንድ በአንድ ነገርኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። «አገሩ እየነደደ ነበር፤ እኔ ባልኖር ኖሮ ትሞት ነበር» አለ። ይህስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አልካድኩትም። «መቼ ማቆም እንዳለብህ ግን ታውቅ ነበር» አልኩት። «ማሌሽ» አለ። «ከአላህ የመጣ ነው። ማሌሽ ያ ማማ።»

እትዬ አስናቀች የሰውዬውን ፊት ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ሻምፖው ወደ ተደረደረበት መደርደሪያ ሄዳ እግሮቿን ገጠመች፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣመረች፣ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ያሰበችው የገባኝ ዘግይቶ ነው። መደርደሪያው ላይ ወደቀች፤ ጠርሙሱ፣ ሽቶው፣ የሕፃናት ዱቄቱ ሁሉ አብሯት ወረደ። ሰውዬው ራሱን ይዞ ሲጮህ እሷ ከዱቄቱ መሐል ተነስታ፣ ቀሚሷን አራግፋ፣ «ማሌሽ ያ ዶክቶር» አለችው። ክርኗ ለአንድ ወር አበጠ፤ በዚያ ወር ግን እንደሷ ደስተኛ ሰው አላየሁም።

ከዚያ ቤታችን ትምህርት ቤት ሆነ። ግድግዳው ላይ «ሀ» የሚል ወረቀት ለጠፈችና ጠዋትና ማታ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ዓይኗን እሱ ላይ ተክላ፣ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች። ለማያውቅ ሰው ከግድግዳው ጋር ተጣልታ እምቢ የምትል ነው የሚመስለው። የስፖንጅ ፍራሿን ኮሪደሩ ላይ አንጥፋ ትመላለስበታለች። በወለሉ ንጣፍ መስመር ላይ ተረከዝ ከጣት እያገናኘች ትሄዳለች። መጀመሪያ ላይ ያስመልሳት ነበር፤ አፏን ጠርጋ፣ አንድ ሁለት ሰው ተሳድባ፣ ትነሳለች። «ዶኻው ካልመጣ ትምህርቱ አልገባኝም ማለት ነው» ትል ነበር። ዶኻ በካይሮ አረብኛ ማዞር ነው። እኛ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምንማረው፤ እጃችንን መሰብሰብ። እሱም ከሷ ትምህርት አይቀልም። ሰው ሲንገዳገድ እያዩ ቁጭ ማለት እንዴት እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል።

ወራት ሲያልፉ አየናት። በቀን ብርሃን፣ ደልደል ባለ መንገድ፣ ትንሽ እግሯን ከፈት አድርጋ ብቻዋን ገበያ መሄድ ጀመረች። ሌላ ሥራም አገኘች፤ ምድር ቤት የሚኖሩ ሁለት አሮጊቶች ዘንድ። በጨለማ ግን አሁንም አትችልም፤ ይህ አልዳነም፣ አይድንምም። ይህን ሁሉ የምታደርገው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን በሳህን ሙሉ ውኃ ይዛ ኮሪደሩን ስትሄድ አይቼ ጠየቅኋት። «ተራዬን ልወስድ ነው» አለችኝ።

የማኅበራችን ወግ እንዲህ ነው። በየወሩ አንዷ ቤት እንሰበሰባለን፤ ሲያልቅ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጠላ ያለበትን ጽዋ ተረክባ፣ በነጠላ ሸፍና፣ በዝማሬ ታጅባ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። ጽዋው አይደፋም፣ ከእጅ ወደ እጅም በመንገድ አይቀባበሉትም። የእትዬ አስናቀች ተራ ከወደቀች ወዲህ ሁለት ጊዜ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ ዘለሏት። የዘለለቻት ሰብሳቢዋ ናት፤ ሰብሳቢዋም ወይዘሮ ብርሃኔ። በሦስተኛው እትዬ አስናቀች ተነስታ ቆመች።

«ተራዬን ስጡኝ» አለች።

«አስናቁዬ» አለች ብርሃኔ በዚያ ማር በሚያንጠባጥብ ድምጿ፣ «የእመቤታችን ጽዋ እኮ ነው። ብትደፊው ማን ይጠየቃል?»

«ከደፋሁት እኔ እጠየቃለሁ። ካልደፋሁትስ? ያን ጊዜ ማን ይጠየቃል?»

ተራዋን ሰጧት።

የመረከቢያው ቀን ማኅበሩ ብርሃኔ ቤት ነበር፤ ፋይሰል፣ ላይኛው ፎቅ። ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል። ውጭው ገና ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ደረጃው ግን መስኮት የለውም፣ በአምፖል ነው የሚሄደው። እትዬ አስናቀች ጽዋውን ተረከበች፣ ነጠላዋን ከላይ አደረገች፣ ሴቶቹ እየዘመሩ ከኋላና ከፊት ሆነው መውረድ ጀመርን። ትከሻዋን ግድግዳውን እያስነካች፣ ደረጃውን እያየች ትወርዳለች። ግማሽ እንደደረስን መብራት ጠፋ።

ከዚያ የሆነውን መገመት አያቅትም። ሁሉም «በስመ አብ!» ብሎ ጮኸ፣ ያገኘ እጅ ሁሉ እሷን ያዘ። አንዷ ክንዷን፣ አንዷ ትከሻዋን፣ አንዷ ነጠላዋን። በደግነት ነው፤ ያንን አውቃለሁ፤ በደግነት ሊጥሏት ነበር። ጠላው ሲንቦጫረቅ ሰማሁት። የስልክ መብራቶች በሩ፣ ሁሉም ወደሷ፣ ሁሉም ሲወዛወዙ፤ ለሷ ደግሞ ከጨለማው የባሰ እሱ ነው። ከላይ የብርሃኔ ድምፅ፣ «አምጪው! ስጪኝ ጽዋውን! ብዬ ነበር እኮ!» ይላል።

«ልቀቁኝ!»

አለቀቋትም። ስለዚህ ተቀመጠች። እዚያው ደረጃው ላይ፣ ጽዋውን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ በሁሉም እጅ መሐል ቁጭ አለች። የተቀመጠ ሰው አይደገፍምና እጆቹ አንድ በአንድ ለቀቁ።

«አሁን ስሙኝ» አለች። «መብራቱን መሬት አስቀምጡት። አንድም ሰው እንዳያወዛውዘው። አንድም ሰው እንዳይነካኝ።»

ስልኮቹን ተቀብዬ ደረጃው ጥግ ጥግ ላይ፣ ብርሃኑ ወደ ታች እንዲወድቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። ደረጃዎቹ ቁልጭ ብለው ታዩ። ተነሳች። ትከሻዋን ግድግዳው ላይ አሳረፈች፣ እግሯ የሚቀጥለውን ደረጃ ፈለገ፣ አገኘ፣ ረገጠ። እየወረደች ትሳደብ ነበር። መርፌ ወጊውን፣ የመብራት ኃይሉን፣ ከነበረውም ካለውም መንግሥት ማንንም ሳታስቀር፣ በየደረጃው አንድ ሰው። አንዲት አሮጊት «ጽዋ ይዘሽ አትሳደቢ ልጄ» ቢሏት፣ «እመቤታችን ታውቀኛለች» አለቻቸው። እኔ ወርጄ እየቀደምኩ ስልኮቹን ወደሚቀጥለው ፎቅ አዘዋውራለሁ። እንዲህ እያልን በሩ ደረስን፤ ፀሐዩ ላይ ወጣች። ጽዋውን የሸፈነው ነጠላ ደረቅ ነበር።

እልልታው ቀለጠ። ሴቶቹ ተራ በተራ ሳሟት። ብርሃኔም መጣች፤ «እንኳን አደረሰሽ እህቴ» ብላ አቀፈቻት፣ ጉንጯን ሳመቻት፣ ፊቷንም ከእትዬ አስናቀች አፍ አጠገብ አቆየችው። አጠገባቸው ነበርኩ፤ አፍንጫዋ ትንፋሽ ሲስብ አየሁት። እያሸተተቻት ነበር።

እትዬ አስናቀችም ገብቷታል። ጽዋውን እንደያዘች አንድ እርምጃ ቀረበች፣ አፏን ከፈተች፣ ብርሃኔ ፊት ላይ ከሆዷ ድረስ ተነፈሰች።

«አሽቺ። ሸተተሽ?»

«ኧረ በማርያም! ምን ነካሽ አስናቁ…»

«ሸተተሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

ብርሃኔ ዙሪያዋን አየች። ሁሉም ይሰማል። «አልሸተተኝም» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«እንግዲያው እስከ ዛሬ ያልሽውን ሳታውቂ ነው ያልሽው፤ ይቅር ይበልሽ» አለቻት። «ከዛሬ ወዲያ ግን የምትዪው እያወቅሽ ነው።»

ቱክቱኩ ውስጥ ገብታ ጽዋውን ጭኗ ላይ አመቻቸች፤ ነጂውንም ቀስ በል ብላ ተቆጣችው። ለብርሃኔ ያለቻትን በሩ ላይ የነበርነው ሴቶች በሙሉ ሰምተናል፤ እንግዲህ ብርሃኔ ለቅሶው ላይ ያን ያለችው እያወቀች ነው።